«ቢሰርቅም» ማለት ምን ማለት ነው? የላሉ ያዳቭ ጉዳይ

አራዳው፦ ትናንት አንዱ እዚህ «ላሉ ፕራሳድ ያዳቭ ቢሰርቅም ለድሃ የቆመ ሰው ነው» ብሎ ጽፎ ስንቱ አጨበጨበለት። በሞቴ! የህንዷ የቢሃር ግዛት ዋና ሚኒስትር ሆኖ የከብት መኖ በጀት የተዘረፈበት፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ተፈርዶበት የፓርላማ ወንበሩን ያጣ ሰውዬ እኮ ነው። «ቢሰርቅም» ተብሎ ይታለፋል?

የዱባዩ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አላጠፋውም። አብሮኝ የሚሠራ የቢሃር ልጅ አለ። አባቱ ድሮ የባለመሬቱ ዘመዶች ሲያልፉ ከአልጋው ተነስቶ መሬት ላይ ይቀመጥ ነበር። ላሉ በ1990 ሥልጣን ላይ ከመጣ በኋላ ግን መነሳት ተወ። ይሄ አይገባችሁም።

ኩኩ፦ ገብቶናል ወንድሜ። አባትየው አልጋው ላይ ቀረ፣ ልጅየው ግን ሥራ አጥቶ ዱባይ ገባ። መንገድ የለ፣ መብራት የለ፣ ሰው በጠራራ ፀሐይ ይታገታል። በ1997 ደግሞ መታሰሩ ሲደርስ ሥልጣኑን ለሚስቱ! ራብሪ ዴቪ እኮ ከወጥ ቤት በቀጥታ ነው የመጣችው።

የዱባዩ፦ ወጥ ቤት ምን አደረገሽ? ሴት ሆነሽ እንዲህ ትያለሽ?

ኩኩ፦ ሴትነቴን እዚህ አታምጣ። ባሏን እንጂ እሷን አልሰደብኩም።

አራዳው፦ ወደ «ቢሰርቅም» እንመለስ። ኦዲተሮቹ ከብትና መኖ ጭነዋል የተባሉትን መኪናዎች ታርጋ ሲያጣሩ የስኩተር ሆኖ ተገኘ። በሬ በስኩተር! ከ9 ቢሊዮን ሩፒ በላይ ነው የጠፋው። የማን ገንዘብ ነው? የዚያው ድሃ።

የዱባዩ፦ ዘረፋው ከሱ በፊት የጀመረ ነው። የቀድሞው ዋና ሚኒስትር ጃጋናት ሚሽራም በዚያው በ2013 ተፈርዶበታል። ብራህሚን፣ ማለት ከላይኛው የካህናት ዘር ስለሆነ ስሙን የሚያነሳው የለም፤ ከእረኞቹ ከያዳቭ ዘር የሆነው ላሉ ሲሆን ግን ቀልድ ይሆናል።

ጋሽ መኮንን፦ ልጆች ተረጋጉ። የሂንዱ ብሔርተኞቹ መሪ አድቫኒ በ1990 በመስጊዱ ቦታ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ይሠራ ብሎ፣ ሰረገላ አስመስሎ ባሠራው መኪና ወደ አዮዲያ ከተማ ሲገሰግስ ቢሃር ውስጥ ሳማስቲፑር ላይ ያሳሰረው ላሉ ነው። ያን ጊዜ ሌላው ሲፈራ እሱ አልፈራም። ይሄን አትካዱት።

ኩኩ፦ አልካድንም ጋሼ። ግን ለድሃ ቆመ ካላችሁ ላክሽማንፑር ባቴ የምትባለውን የቢሃር መንደር ንገሩኝ። ታኅሣሥ 1997፣ ራብሪ ሥልጣን ላይ እያለች፣ የባለመሬቶች ታጣቂ አንድ ሌሊት 58 ዳሊቶችን፣ ከዘር ሁሉ በታች የሚባሉትን ድሆች፣ ጨረሰ። ድሃው ላይ የቆመ ነበር በሉ።

የዱባዩ፦ ገዳዮቹ የላሉ ጠላቶች ናቸው!

ኩኩ፦ መንግሥቱስ የማን ነበር?

የዱባዩ፦ እሺ፣ የባቡር ሚኒስትር ሆኖስ? ከ2004 እስከ 2009 የድሃውን ቲኬት ሳያስወድድ ባቡሩን አትራፊ አደረገ። ጣቢያ ላይ ሻይ በሸክላ ኩባያ ይሸጥ ያለው ሸክላ ሠሪው እንዲበላ ብሎ ነው።

አራዳው፦ ማማታ ባነርጂ ስትተካው ትርፉ የተነፋ ነው ብላ ሰነድ አወጣችበት።

የዱባዩ፦ ማማታ ተቀናቃኙ ናት፣ ምን ትበል?

አራዳው፦ ዳኛውም ተቀናቃኙ ነው? «ቢሰርቅም» ያልከው አንተ ነህ፣ ዳኛው አይደለም። አውጣና «አልሰረቀም» ብለህ ጻፍ፣ እንይህ።

የዱባዩ፦ ሥራ ልገባ ነው። ማታ እመለሳለሁ፣ ጠብቁኝ።

ኩኩ፦ ያን የቢሃር ልጅም ይዘኸው ና፣ እሱን ነው የምጠይቀው።