የኮንዶሚኒየም ኪችን ላሳድስ ነው፤ ከየት ልጀምር?

የሰሚቷ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አለን። ዕጣው ወጥቶልን ከገባን ጀምሮ ኪችኑን ከአንድ የሲንክ ቧንቧ በቀር ነክተነው አናውቅም። አሁን ዕቁብ ደርሶኛል፣ ትንሽ ቁጠባም አለን፤ ገንዘቡ በሌላ ነገር ሳያልቅ ልገላገለው ብዬ ነው።

ኪችኑ ወርዱ 1 ሜትር ከ80፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ60 ነው፤ ጫፉ ላይ የበረንዳ በር አለ። ውስጡ ያለው ሲንክ፣ ስቶቭ የተቀመጠበት ጠረጴዛ፣ ፍሪጅ፣ የውሃ በርሜል፣ ሦስት ቢጫ ጀሪካንና መሬት ላይ ያለ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ምጣዱን የማበራው ከሳሎን ሶኬት በማራዘሚያ ስቤ ነው (አትቆጡኝ)።

ባለቤቴ ቲክቶክ ላይ አይቶ «ከሳሎኑ ጋር ያለውን ግድግዳ አፍርሰን ኦፕን ኪችን እናድርገው» ይላል። ካቢኔት የሚሠራው ልጅ መጥቶ ለክቶ ሄዷል፤ በግራም በቀኝም፣ ከላይም ከታችም በኤምዲኤፍ፣ ላዩ ግራናይት። ሰባ በመቶ ቀብድ ጠይቆ «ለፋሲካ አደርስልሻለሁ» ብሎኛል። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ደግሞ ለክረምት ስትመጣ የሲንክ ቧንቧና ማይክሮዌቭ ልያዝልሽ ወይ ትለኛለች። ሁሉም በየአቅጣጫው ሲያወራኝ ግራ ገባኝ። የቱን ላስቀድም?

ባለሽቦው

እህቴ፣ መጀመሪያ ማራዘሚያውን ንቀዪውና ከዚያ እናውራ።

ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው። የቤት ምጣድ ብዙ ጊዜ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። 3,500ውን ለ220 ቮልት አካፍዪው፤ ወደ 16 አምፒር ይመጣል። ይሄ የአንድ ጥሩ ሶኬት ጣሪያ ነው። ማራዘሚያ ውስጥ ያለው ሽቦ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀጭን ነው፤ ሠላሳ እንጀራ ጋግረሽ እስክትነሺ ሲግል ይቆያል። ምጣዱን ነቅለሽ የሶኬቱን ፊት በደንብ እዪው። ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ቡናማ ነገር ካለ መቅለጥ ጀምሯል።

ስለዚህ ካቢኔትም ሴራሚክም ከመምጣቱ በፊት፣ ከብሬከር ሳጥኑ ለምጣዱ ብቻ የሚሄድ 4 ካሬ (ሚሊሜትር) ውፍረት ያለው ሽቦ አስጎትቺ፤ የራሱ 20 ወይም 25 አምፒር ብሬከር ይኑረው። ለተራው ሶኬት 2.5 ካሬ ይበቃል። ኧርዙ (የመሬት ሽቦው) እንዳይረሳ፤ ሊጥ በነካ እርጥብ እጅ ነው ክዳኑን የምታነሺው። ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ «ሽቦ ልጎትት» ብዬ የገባሁበት ቤት ሁሉ ያለቀው በጭቅጭቅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ምጣድ 3,500፣ ቦይለር 1,500፣ ስቶቭ 2,000 ባንድ ጊዜ ከበራ 7,000 ዋት ነው፤ ወደ 32 አምፒር። ቆጣሪሽ ጋ ያለው ዋና ብሬከር ላይ ስንት አምፒር እንደተጻፈ አንብቢ። ከዚያ በታች ከሆነ በምትጋግሪበት ቀን ቦይለሩን ማጥፋት ነው።

እማማ ጓዳ

ልጄ፣ ባለሽቦው እውነቱን ነው። እኔ ደግሞ ከወጪዬ የተማርኩትን ልንገርሽ።

የዛሬ አራት ዓመት ልጆቼ ተሰባስበው ኪችን አሠሩልኝ። ያየ ሁሉ አደነቀው። ምጣዱንም ግራናይቱ ላይ፣ ከላይኛው ካቢኔት ሥር አስቀመጡልኝ። የመጀመሪያ ቀን ልጋግር ስቆም ግራናይቱ ከመሬት 90 ሳንቲም ነው፣ ምጣዱ ከነእግሩ ሌላ ሃያ ሳንቲም ይጨምራል። እኔ አጭር ነኝ። ሊጡን የማዞረው በእግር ጣቴ ቆሜ፣ ክርኔን ሰቅዬ ሆነ፤ አሥረኛው እንጀራ ላይ ትከሻዬ አለቀ። አክንባሎውን ሳነሳው ደግሞ ካቢኔቱን ይገጨዋል፣ እንፋሎቱም ቀጥ ብሎ ካቢኔቱ ሆድ ውስጥ ይገባል። ዓመት ሳይሞላው የካቢኔቱ ሥር እንደ ድፎ ዳቦ ነፋ። መዝጊያው አልገጥም አለ።

ምጣዱ ሰሃኑ ብቻ ወደ ስድሳ ሳንቲም ነው፣ ከነጠርዙ ከዚያም ያልፋል። የካቢኔቱ ጥልቀት ስድሳ ነው። ከፊት ወጣ ብሎ ይቀመጥና ሆድሽን ያቃጥልሻል።

አሁን በረንዳው በር አጠገብ በብሎኬት ዝቅ ያለ መደብ አስሠርቻለሁ፣ ከመሬት 60 ሳንቲም፣ ላዩ ሴራሚክ። ከላዩ ምንም የለም። እንፋሎቱ በበሩ ይወጣል። ከጎኑ ሰፌዱን የማሳርፍባት ቦታ አለችኝ፣ ሥሩ ደግሞ ቡሃቃዬ ትገባለች። ስለዚህ አናጢውን ከመጥራትሽ በፊት ምጣድሽ የት እንደሚቀመጥ ወስኚ። ሌላው በእሱ ዙሪያ ይደረደራል።

የጀሞው

ምጣዱን ለምን ከቤት አታስወጡትም? ኮንዶሚኒየም ሲሠራ እኮ ለእንጀራና ለበግ ማረጃ ተብሎ ኮሚናል የሚባል የጋራ ቤት ተሠርቷል።

እማማ ጓዳ

የእኛ ብሎክ ኮሚናል ሱቅ ከሆነ ቆየ ልጄ። ከሦስተኛ ፎቅ ሊጥ ተሸክሞ መውረዱንስ ሞክረኸዋል?

ሳይት ላይ ነኝ

ስለ ግድግዳው። እኔ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፣ ቤቱን ሳላይ አፍርሱም አታፍርሱም አልልም። ግን ባለቤትሽ መዶሻ ከማንሳቱ በፊት ግድግዳውን በጣት አጥንቱ ያንኳኳው። እንደ ካርቶን ባዶ ድምፅ ከሰጠ አግሮስቶን የሚባለው ቀጭን የግድግዳ ሰሌዳ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ኮንዶሚኒየሞች የውስጥ ክፍልፋያቸው እሱ ነው። ደነዝ ያለ ድምፅ ካለው ብሎኬት ነው።

ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ክብደት ተሸካሚ አይደሉም፤ ሕንፃውን የያዘው ኮለኑና ቢሙ (ቋሚና አግዳሚ ምሰሶው) ነው። ግን ብሎኬት ነው ብሎ ማፍረስና ውስጡ ያለውን ማወቅ ይለያያል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ (ኮንዲዊት)፣ የውሃ ቱቦ፣ አንዳንዴም ከላይ ቤት የሚወርድ የፍሳሽ መስመር በዚያው ያልፋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 370፣ የግል ቤትንና የጋራ መጠቀሚያን ይለያል፤ ኮለኑና ወራጅ ቱቦው የብቻሽ አይደሉም። ኮሚቴውን አናግሩ፣ ወረዳ ላይ የፈቃዱን ጉዳይ ጠይቁ፣ መሐንዲስ ቆሞ ይየው።

እንደ ሐሳብ ከጠየቅሽኝ ግን ግድግዳውን ተዉት። ዶሮ ወጥ በሚሠራበት ቤት ኦፕን ኪችን ማለት ሽንኩርቱ ሶፋው ላይ ይተኛል ማለት ነው። ባለቤትሽ ብርሃን ከፈለገ በግድግዳው ላይ ምግብ ማቀበያ መስኮት ይከፈት፣ ያውም ከታየ በኋላ።

ይልቅ ያሳሰበኝ ልጁ የለካው ነው። ወርዱ 180 ነው። በግራ 60፣ በቀኝ 60 ካቢኔት ካስገባሽ መሐሉ የሚቀርሽ 60 ሳንቲም ነው። መሳቢያ ስትከፍቺ አንቺ ራስሽ መቆሚያ የለሽም። በአንድ ወገን ብቻ ሥሪው፣ በሌላው በኩል ካስፈለገ 30 ሳንቲም የሆነ ቀጭን መደርደሪያ ለሽሮና ለበርበሬ ባልዲ ይበቃል።

የላይኛው ካቢኔት አግሮስቶን ላይ ከሆነ በተራ ፊሸር አይሰቀል። ሳህን ሲሞላ ይዞት ይወርዳል። ወይ ብሎኬቱ ግድግዳ ላይ ይዞር፣ ወይ ብሎን ግድግዳውን ዘልቆ በወዲያኛው በኩል በላሜራ ይታሰር። ብሎኬትም ቢሆን ሆዱ ባዶ ነው፤ ረጅም የብረት ሐዲድ ግድግዳው ላይ በብዙ ቦታ ተይዞ ካቢኔቱ እሱ ላይ ቢንጠለጠል ይሻላል።

የሰሚቷ

አንኳኳሁት፤ እንደ ካርቶን ነው! ልጁ ደግሞ ላዩን ሊሰቅል ያሰበው እዚያው ላይ ነበር። ባለቤቴን አስነበብኩት፣ ዝም ብሏል። ስለ ኤምዲኤፉስ?

የጀሞው

ኤምዲኤፍም ቺፑድም ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ልዩነቱ የጊዜ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ውሃ በፈረቃ ነው። ባለፈው ክረምት ውሃ እንደጠፋ ቧንቧውን ሳንዘጋ ተኛን፤ ሌሊት መጣ፣ ሲንኩ ውስጥ የተቀመጠው ሳህን ቀዳዳውን ደፍኖት ነበር። ስንነሳ ካቢኔቱ እግሩ ውሃ ውስጥ ነው፣ ከሥር ያለው ጎረቤት በር ይደበድባል። ከዚያ በኋላ የሲንኩን ሥር ወደ አሉሚኒየም ቀየርኩት። በረሮም ቀነሰልኝ። መልኩ ቢሮ ይመስላል ብላ ሚስቴ አሁንም አልወደደችውም።

ኤምዲኤፍ ካልሽ ቢያንስ መሬት አይንካ፤ 10 ሳንቲም የፕላስቲክ እግር ላይ ይቁም። የተቆረጠው ጠርዝ ሁሉ፣ የማይታየውም ጭምር፣ ኤጅ ባንድ (የጠርዝ መሸፈኛ) ይለጠፍበት። ሲንኩ የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያውን ሲሊኮን። ከሲንኩ ሥር መዝጊያ ቫልቭ አስገቢ። በርሜሉን ደግሞ ወደ በረንዳ አውጪው፤ 200 ሊትር በርሜል ሲሞላ 200 ኪሎ ነው፣ ያንን ሁሉ ቦታ ይዞብሽ ካቢኔት ታሠሪያለሽ?

ቀብዴን የተበላሁ

ስሜን አይታችኋል፣ ብዙ አላወራም። ስድሳ በመቶ ሰጠሁ፣ ሰውየው መጀመሪያ ስልክ ያነሳ ነበር፣ ከዚያ «ሐዘን ላይ ነኝ» አለ፣ ከዚያ ስልኩ ጠፋ።

እህቴ፣ ሰባ በመቶ ከሰጠሽው ሥራውን ለመጨረስ የሚያስቸኩለው ነገር የለም። እኔ ሁለተኛውን ያሠራሁት እንዲህ ነው፦ ቦርዱን፣ ማጠፊያውንና እጀታውን ከሠራተኛው ጋር ሄጄ ራሴ ከመርካቶ ገዛሁ፤ ለእሱ የከፈልኩት የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። ሲጀምር ሠላሳ፣ ተገጣጥሞ ቤት ሲገባ አርባ፣ ተሰቅሎ ሲያልቅ ሃያ፣ የመጨረሻዋን አሥር ከአንድ ወር በኋላ፣ መዝጊያው አለመውረዱን አይቼ። ይህ ሁሉ በወረቀት፣ ሁለት ምስክር ፈርሞበት። የቦርዱን ውፍረትም ጻፉ፤ 18 ሚሊ ተባብለን ጀርባውም መደርደሪያውም ቀጭን ሆኖ ነበር የመጣው።

«ለፋሲካ» ካለሽ ደግሞ የትኛው ፋሲካ እንደሆነ በዓመተ ምሕረት አስጽፊው።

የማዶዋ

ለእህትሽ ንገሪልኝ፦ ማይክሮዌቩን ትተወው። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ አገር ቤት 220 እና 50። ለዚያ የሚሆን ትራንስፎርመር ከማይክሮዌቩ ይከብዳል። የሲንክ ቧንቧም የጥርሱ ልክ ከአገር ቤቱ ጋር አይገጥምም፤ እኔ ለእናቴ ያመጣሁት ዕቃውን የሚያገናኝ ነገር ስንፈልግ ሁለት ሳምንት ካርቶኑ ውስጥ ተቀምጦ በመጨረሻ ለሰው ሰጠነው። ጥሩ ቢላዋና ሶፍት ክሎዝ (ቀስ ብሎ የሚዘጋ) ማጠፊያ ብታመጣ ይሻላል፤ ሻንጣም አይበላም።

የሰሚቷ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ማራዘሚያውን ነቅያለሁ፤ ሶኬቱ እውነትም ቡናማ ሆኖ ነበር። ልጁን ደውዬ «ቆይልኝ» አልኩት። ቀድሞ ኤሌክትሪሻን፣ ቀጥሎ ቧንቧና ሴራሚክ፣ ካቢኔቱ በአንድ ወገን ብቻ።

ዛሬ ማታ ባለቤቴ በቾክ መሬቱ ላይ ሣለው። ምጣዱን ከነጠርዙ ስለካው 66 ሳንቲም ነው፤ እንደ እማማ ጓዳ ምክር በበረንዳው በር በኩል አደረግነው። ከዚያ በሩን ልንከፍት ስንል በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፣ ምጣዱን ይመታዋል። አሁን ምን ይሻላል?

ሳይት ላይ ነኝ

በሩ ላሜራ ነው አይደል? በያጅ ጠርተሽ ማጠፊያውን አስነቅለሽ ወደ በረንዳ እንዲከፈት አዙሪው፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከማዞርሽ በፊት ግን በርሜሉ በረንዳው ላይ የት እንደሚቆም በቾክ ሣሉት። አለዚያ በሩ እሱን ይመታል።