ለውጅግራ ኦሪጅናል ዕቃ የት ላግኝ? ጥቆማ ፈልጌ ነው

ባለ ውጅግራ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
ሰላም ለዚህ ቤት። ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ከገቡት አሮጌ ጠመንጃዎች አንዷን ገዛሁ። የ1874 ሞዴል ውጅግራ ናት፣ የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ ሴንት ኤቲየን የተሠራች፣ በርሜሏ ላይ 1878 ይላል። የቦልቱ (የመቀርቀሪያው) ራስ ጠፍቷል። መወልወያ ዘንጉም የለም። የፊት ቀለበቷ ደግሞ የሌላ ጠመንጃ ይመስለኛል። ሰደፏ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሮ ነው የመጣው። ሦስት አማራጭ አለኝ፦ ኑምሪች ከሚባለው የጠመንጃ መለዋወጫ ሻጭ ማዘዝ፣ ቻንቲሊ የሚደረገው የጠመንጃ ትርኢት ላይ መፈለግ፣ ወይ ፈረንሳይ ያለ የአክስቴ ልጅ እንዲፈልግልኝ ማድረግ። የቱ ይሻላል? አልተኩስባትም፣ ለግድግዳ ናት።

ሲልቨር ስፕሪንጉ
ምን ያስጠይቃል፣ ቻንቲሊ ነዋ! የድሮ ዕቃ ዘርግቶ የሚቀመጥ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አለ፣ የሌለው ነገር የለም። ከእሱ ሌላ ሰው አላምንም። ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ።

የተቃጠለው
ከየትም ግዛ፣ ግን እባክህ ራስህ ግጠመው። እኔ ቤልጅጌን ለአንድ ጠመንጃ ጠጋኝ ሰጥቼ ጉድ ሆኛለሁ። የቤልጅጉ ፋብሪካ የኤፍ ኤን ሥራ፣ አናቷ ላይ የይሁዳ አንበሳ ያለባት። «ዝገቱን ብቻ አንሳልኝ» ነው ያልኩት። ሰውዬው ብረቱን ሞላ (የሚሽከረከር መሞረጃ ማሽን) ላይ አስይዞ እንደ ማንኪያ አብለጭልጮት ጠበቀኝ። አንበሳው የለም! ጣትህን ስታሳልፍበት ጭራው የነበረበት ቦታ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ይላል፣ እሱ ብቻ ነው የቀረው። ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቫርኒሽ ለቅልቆበታል፣ እንጨቱ ላይ የነበረው ማኅተም አብሮ ሄዷል። ይባስ ብሎ የሠራበትን በሰዓት አስከፈለኝ።

ዳላስ
አንበሳውን ለማባረር በሰዓት ስንት ነው? እኛም ሰፈር የሚያስቸግረን አለ።

የተቃጠለው
ሳቅ አንተ። ያንተ ቢሆን አትስቅም ነበር።

ሚኒሶታ
ክሰሰው እንጂ! ፎቶ አለህ? መጀመሪያ የነበረችበትን አንስተሃል?

የተቃጠለው
አንዲት ደብዘዝ ያለች አለችኝ። ሰውዬው «ታዲያ አዲስ አልመሰለም?» ብሎኝ እርፍ።

አትላንታ
የኔ መፍትሔ፦ ክሊፑን (የጥይት መያዣውን) መጀመሪያ ግዛ። ያለ ክሊፕ አንድ አንድ እያጎረስክ ነው የምትውለው፣ በክሊፕ ግን ስድስት ትጎርሳለች። ጥይቱ 6.5 ሚሊሜትር መሆኑን እይ፣ 7.35 የሆነም አለ።

ዳላስ
ወንድሜ፣ ያ የጣሊያን ካርካኖ ነው። ሰውየው የጠየቀው ስለ ውጅግራ ነው፣ እሷ ድሮም አንድ ብቻ ናት የምትጎርሰው። ክሊፑን ቀለበት ያድርገው?

ጋሽ ደብረ ማርቆስ
ልጄ፣ ያን ጠፍር እንዳትፈታው። በእርጥቡ ተጠምጥሞ ሲደርቅ የጠበቀ ነው፣ ከብሎን ይብሳል። ፈረንሳዮች አንዴ ሠሯት፣ ከዚያ በኋላ ያኖራት ባላገሩ ነው። ሙጫ ቀብተህ አዲስ ሰደፍ ከገጠምክባትማ ፓሪስ ሙዚየም ካለችው በምን ትለያለች?

ሚኒሶታ
ጋሼ እውነትዎን ነው፣ ግን እሱ ኦሪጅናል ነው የፈለገው።

ጋሽ ደብረ ማርቆስ
ታዲያ ከዚህ በላይ ኦሪጅናል ከየት ይምጣ?

ሲያትል
ወደ ጥያቄው እንመለስ እስቲ። ኑምሪች የዕቃውን ሥዕል ከነተራ ቁጥሩ ያወጣል፣ ስሙን ባታውቀውም ከሥዕሉ ትለየዋለህ። ከማዘዝህ በፊት ግን የማኅተሙን ፎቶ ጠይቅ። ለግሪክ ጦር ኦስትሪያ፣ ሽታየር ውስጥ የተሠራ ውጅግራም አለ፣ ዕቃው ይመሳሰላል፣ ማኅተሙ ግን ሌላ ነው። ሌላው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የለበንን (የሌላውን የፈረንሳይ ጠመንጃ) ጥይት እንዲተኩሱ በርሜላቸው ወደ 8 ሚሊሜትር የተቀየረ አሉ። ያንተ ዋናው 11 ሚሊሜትር መሆኑን አረጋግጥ። የቦልት ራስ ከሌላ ጠመንጃ ስታመጣ በጥይቱና በቦልቱ መካከል ያለው ክፍተት ይለወጣል፣ ስለዚህ ነገ ሐሳብህን ቀይረህ ልተኩስ ካልክ መጀመሪያ ባለሙያ ይለካልህ። ሳንጃ ከፈለግክ ደግሞ የስለቱን ጀርባ እይ፣ የፋብሪካው ስም፣ ወሩና ዓመቱ በእጅ ጽሕፈት ተቀርጾበታል። ከ1878 ብዙ የማይርቅ ፈልግ።

ለእንጨቱ የተልባ ዘይት ይበቃል፣ በጣም በስሱ። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጠህ ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥል፣ በራሱ ጊዜ ይቀጣጠላል። ዘርግተህ ውጭ አድርቀው። ዝገቱን በዘይትና በነሐስ ብሩሽ ቀስ እያልክ አንሳ።

የተቃጠለው
ሞላ እንዳይነካት!

ዳላስ
ገባን።

ሂውስተን
ለዚህ ሁሉ ፈቃድ አያስፈልግም እንዴ? ሲ ኤንድ አር ምናምን ሲሉ እሰማለሁ።

ሲያትል
ከ1899 በፊት ለተሠራ በፌዴራል ሕግ አያስፈልግም፣ አንቲክ ነው። እንደ «የተቃጠለው» ቤልጅግ ላለው በ1930ዎቹ ለተሠራው ነው ሲ ኤንድ አር (የአሮጌ ጠመንጃ ሰብሳቢ ፈቃድ) የሚጠቅመው። የየስቴቱን ሕግ ግን ለየብቻ እይ።

ሂውስተን
እሺ፣ አድሼ አገር ቤት ለአያቴ ብልካትስ?

ሚኒሶታ
የጦር መሣሪያ አዋጁን፣ ቁጥር 1177/2012ን አንብብ፣ ከዚያ ለአያትህ ጋቢ ላክ።

ባለ ውጅግራ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ በተለይ። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ጠፍሩ ላይ የሆነ ነፍሳት የበላው የሚመስል ቀዳዳ አየሁ። የተልባ ዘይቱ ለቆዳም ይሆናል ወይስ ቅቤ ልቀባው?

ጋሽ ደብረ ማርቆስ
ቅቤ በፍጹም! አይጥ ልትጠራበት ነው? በላስቲክ ከረጢት አርገህ ፍሪዘር ውስጥ አቆየው ይላሉ ልጆቼ።

ዳላስ
ጠመንጃዋን ከነሰደፏ ፍሪዘር ውስጥ? ሚስትህ ታውቃለች?

ሲልቨር ስፕሪንጉ
ለጠፍርም ቢሆን ሰውዬው ቅባት አለው። ቻንቲሊ ሂድ አልኩህ እኮ።

ሲያትል
የቦልቱን ራስ ከየት ልትገዛ ወሰንክ በመጨረሻ?

የተቃጠለው
እኔስ አንበሳውን መልሶ የሚቀርጽልኝ ሰው አላችሁ?