የጣና አሣ አጥማጆችን ጉዳት እንዴት ብዬ ልጠይቅ?

ተማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ጥናቴ የጣና አሣ አጥማጆች ሥራ ላይ ስለሚደርስባቸው ጉዳት ነው። የአንድ ጤና ጣቢያ መዝገብ አገላበጥኩ። ወባውም ብልሃርዚያውም አለ፤ አሣ ሲያጠምድ የተጎዳ ሰው ግን አጣሁ። ዳር ወርጄ «ባለፈው አንድ ዓመት ሥራ ላይ ተጎድተህ ታውቃለህ?» ስል «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይሉኛል። እንዲህ ካሉኝ አንዱ አውራ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር። አማካሪዬ የሰዉን ቁጥር ጨምር ይለኛል። እኔ ግን ጥያቄው ራሱ የተበላሸ ይመስለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሐይቁ ሰው፦
ልጄ፣ በታንኳም በሞተር ጀልባም ሠርቻለሁ። ሥራውን ተከትለህ ጠይቅ። ማታ መረብ ሲጣል ምን ሆንክ? ጠዋት ሲሳብስ? አሣው ከመረብ ሲፈታስ? አምባዛ ከጭንቅላቱ ሥር ግራና ቀኝ እሾህ አለው፤ መዳፍ ይወጋል። ቁስሉ ውሃ ውስጥ እየዋለ ያመረቅዛል። የቆሮሶም የጀርባ እሾህ ቀላል አይደለም። በደንገል ታንኳ የሚሠራውን ደግሞ ወገቡንና ጉልበቱን ጠይቀው። ደንገል ውሃ ይመጥጣል፣ ሰውየው እርጥብ ላይ ተቀምጦ ነው የሚቀዝፈው። ታንኳው ሲያረጅ እየከበደ ይሄዳል፤ ዳር ጎትቶ ማውጣቱ ወገብ ይቆርጣል። እምቦጭ ከገባ ወዲህ መረቡ ሣር ይዞ ስለሚመጣ ጭራሽ ባሰ። ከሰዓት የሚነሳውን ነፋስና ጉማሬንም አትርሳ።

«አንድ ዓመት» አትበላቸው። ክርስቲያኑን «ከጥምቀት ወዲህ»፣ ሙስሊሙን «ከረመዳን ወዲህ» በለው። የዐቢይ ጾምን ለብቻው ጠይቅ። ያኔ የአሣ ገበያ ይደራል፣ ሰው ደክሞትም ይወጣል።

ደግሞም ዳር ላይ የምታገኘው መሥራት የቻለውን ብቻ ነው። ወገቡ የተሰበረው ቤቱ ተኝቷል። የሰጠመውን የምትነግርህ ሚስቱ ናት።

ተመራማሪዋ፦
እሳቸው መጨረሻ ላይ ያሉትን በጥናትህ ውስጥ በግልጽ ጻፈው። የተጎዳው ሥራውን ስለሚተው፣ በሥራ ላይ ያሉትን ብቻ ስትቆጥር ሥራው ጤነኛ ይመስላል። ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣውን የኖርዲክ መጠይቅ ተጠቀም፤ የ7 ቀንና የ12 ወር ሕመምን ለየብቻ ይጠይቃል። ትንሽ ቁስል ቶሎ ስለሚረሳ ያለፈውን ወር ብቻ ጠይቅ። ሥራ ያስቀረ ጉዳት ከሆነ ዓመቱን መጠየቅ ይቻላል። ስንት ቀን እንደወጡም መዝግብ፤ አለዚያ በሳምንት አንዴ የሚወጣውን በየቀኑ ከሚወጣው ጋር ታወዳድራለህ።

መዝገቡ ባዶ መሆኑ የጣና ብቻ አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. በዓሣ ሥራ በዓመት 24,000 ሰው ይሞታል ብሎ ገምቶ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ሌሎች ያወጡት ግምት ከ100,000 በላይ ነው። በራሱ ታንኳ የሚሠራ ሰው አሠሪ የለውም፣ ስለዚህ ጉዳቱን የሚያሳውቅለት የለም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው የዓሣ ሥራ ስምምነት ቁጥር 188 እንኳ አገሮች የሐይቅና የወንዝ ጀልባዎችን እንዲተዉ ይፈቅዳል። ይህ በጣም ያናድደኛል።

አሣ አጽጂዋ፦
እኛንም ቁጠሩን እንጂ! ቆዳ ገፈን ፊሌቶ የምናወጣው ሴቶች ነን። ቢላዋው እጃችንን ሳይነካ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ጠዋት ሥራ ላይ ነን፤ ከሰዓት ና።

ተማሪው፦
እናንተንም አስገባለሁ እህቴ። ጋሼ፣ የሰጠሙት ሰዎች ቤት በማን በኩል ልግባ? ዝም ብዬ ደጃቸው መቆም ከበደኝ።

የሐይቁ ሰው፦
በዕድሩ በኩል ግባ። ዳኛውን አስፈቅድ። ማን መቼ እንደሞተ ከጤና ጣቢያው ይልቅ የዕድሩ መዝገብ ያውቃል።