ኩዌንካ ለሚሄድ ጎንደሬ፦ ከተማዋ ውስጥ በምን እንንቀሳቀስ?

የአራዳዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ በጥንታዊ ቤቶች እድሳት ላይ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። በመጪው ጥቅምት 14 ቀን ከአንድ አንጋፋ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ለሥልጠና ወደ ኢኳዶር፣ ኩዌንካ ወደምትባለው ከተማ እንሄዳለን፤ እስከ ጥቅምት 26 ቀንም እዚያው እንቆያለን። ቪዛውም ትኬቱም አልቋል፤ በሳኦ ፓውሎና በኪቶ በኩል ነው የምንደርሰው። የሚያሳስበኝ ከደረስን በኋላ ያለው ነው። ማረፊያችን አሮጌው ከተማ ውስጥ ሲሆን ሥልጠናው የሚሰጠው ከወንዙ ማዶ ነው ተብለናል። ባልደረባዬ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ መውጣትና መውረድ ይቸግራቸዋል፤ መንገዱ ሜዳ ከሆነ ግን ከፒያሳ እስከ ፋሲል መዋኛ ሳይደክሙ ይሄዳሉ። ታክሲ፣ አውቶቡስ ወይስ ትራም ይሻለናል? የተላከልን የማረፊያ አድራሻ ደግሞ የሁለት መንገዶች ስም ሆኖ በመካከላቸው አንዲት ፊደል ብቻ አለችበት። ሲጽፉት ተሳስተው ይሆን?

ቀሃ ማዶ፦
ጤና ይስጥልኝ፣ እህቴ። ለትምህርት ሄጄ ሁለት ዓመት ኩዌንካ ኖሬያለሁ። አድራሻው ስሕተት የለበትም። በዚያ አገር ቦታ የሚነገረው በመስቀለኛ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ ቤቱ ያለበት መንገድ ይጠራል፣ ቀጥሎ እሱን የሚያቋርጠው መንገድ ይመጣል፣ በመካከል ያለችውም ፊደል «ኢ» ተብላ የምትነበብ ሲሆን «እና» ማለት ነች። ለምሳሌ «ግራን ኮሎምቢያ ኢ ቤኒግኖ ማሎ» የሚል ካዩ፣ ቤቱ ግራን ኮሎምቢያ ላይ ሆኖ ቤኒግኖ ማሎ ከሚያቋርጠው ዘንድ ነው። እኛ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ» እየተባባልን ስላደግን ለጥቂት ቀን ግር ይላል። ነገር ግን ስፔኖች በ1557 እ.ኤ.አ. ሲቆረቁሯት እንደ ዳማ ሰሌዳ በቀጥታ መስመር ስለከፋፈሏት፣ አንዴ ከገባዎት በኋላ መጥፋት ራሱ ይከብዳል። ለታክሲ ሹፌርም የሁለቱን መንገዶች ስም ከነገሩት ይበቃዋል።

አሮጌው ከተማ የተቀመጠው ከፍ ባለ ሜዳ ላይ ነው። በደቡብ በኩል ባለው ጠርዙ ላይ ካዬ ላርጋ የሚባለው መንገድ ይሄዳል፤ ከእሱ ሥር ገደሉ፣ ከገደሉ ሥር ቶሜባምባ ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ አዲሱ ከተማ አለ። ስለዚህ ላይኛው ሜዳ ላይ እስካሉ ድረስ፣ ማለትም በካልዴሮን አደባባይ፣ ሰማያዊ ጉልላት ባለው ካቴድራልና በገበያዎቹ አካባቢ፣ ባልደረባዎ አይቸገሩም። ችግሩ ወደ ወንዙ ሲወረድ ነው፤ እግረኛ የሚወርደው በረጃጅም የድንጋይ ደረጃዎች ነውና። የስልክዎ ካርታ ሥልጠናው ቦታ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይበቃል ቢልዎት በደረጃው በኩል እየመራዎት ሊሆን ስለሚችል፣ ያንን አይተው ሳያረጋግጡ እሳቸውን ይዘው እንዳይወጡ። ለከፍታው አይስጉ፤ ከተማዋ 2,550 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ከጎንደር ብዙም አትርቅም።

ትራሙን በተመለከተ፣ ሥራ የጀመረው በ2020 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከ10 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ አንድ መስመር አለው። አሮጌውን ከተማ በግራን ኮሎምቢያና በማሪስካል ላማር መንገዶች ያቋርጥና በአውሮፕላን ማረፊያውና በመናኸሪያው አጠገብ ያልፋል። ወለሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ደረጃ ሳይወጡ ይገቡበታል፤ ለባልደረባዎ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሙያዎ ደግሞ ቆመው እንዲያዩት የምመክረው ነገር አለ፦ ከተማዋ በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች በመሆኗ፣ በአሮጌው ክፍል የትራሙ ሽቦ ከላይ አልተዘረጋም፤ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው መሬት ላይ ከተቀበረ ሐዲድ ነው። የቤቶቹ ሰገነትና የጣራቸው ክፈፍ በሽቦ ሳይሸፈን የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ፒያሳ ላይ ቀና ብለን የምናየውን የሽቦ ጥልፍልፍ ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከኪቶ፦
ቀሃ ማዶ የጻፉት በአብዛኛው ትክክል ነው፤ ትራሙን ግን ትንሽ አጋነውታል። አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ እሱ ወደሚሄድበት ካልሄዱ አይጠቅምዎትም፤ ሥልጠናችሁም ከወንዙ ማዶ ከሆነ ጠዋት ጠዋት ታክሲ መያዝ ይሻላል። ታክሲዎቹ ቢጫ ናቸው፣ ቆጣሪ አላቸው። ሁሉም እኛ «ኮንትራት» የምንለው ዓይነት ስለሆኑ መንገድ ላይ ሌላ ሰው አይጭኑም፤ ለሁለት ሰው ሲካፈል ዋጋው አይጎዳም። ሲሳፈሩ ቆጣሪው መከፈቱን ይዩ፤ ሹፌሩ አልከፍትም ካለ ዋጋውን ሳይነሡ ይስማሙ።

ስለ ገንዘቡ ማንም ሳያነሳው ቀረ። ኢኳዶር ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትገበያየው በአሜሪካ ዶላር ነው። ከአገር ቤት ድፍን 100 ዶላር ይዘው ከሄዱ ግን ከባንክ በስተቀር የሚመነዝርልዎት አያገኙም፤ 20 ዶላር እንኳ ለታክሲ ሲሰጡት ሹፌሩ ፊቱ ይጠቁራል። ባለ 1 እና ባለ 5 ዶላር ኖት፣ እንዲሁም ሳንቲም ሁልጊዜ ኪስዎ ውስጥ ይኑር። አውቶቡስ ላይ እንደኛ አገር «ማራኪ! አዘዞ!» እያለ የሚጠራ፣ ሒሳብ የሚቀበልና መልስ የሚሰጥ ረዳት የለም፤ በፊት ለፊቱ በር ገብተው ሹፌሩ አጠገብ ይከፍላሉ፣ ስለዚህ ልክ የሆነ ሳንቲም ያስፈልጋል። አውቶቡሱ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ተሳፋሪው ሳይቀመጥ ስለሚነሣ ጉልበት ለሚያመው ሰው አልመክረውም።

አንድ ሌላ ነገር፦ ጥቅምት 24 በእነሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 3 ይሆናል፤ ኩዌንካ በ1820 እ.ኤ.አ. ነፃ የወጣችበት በዓል ነው፤ ዋዜማው ደግሞ የሙታን መታሰቢያ ስለሆነ አገሩ በሙሉ ወደዚያ ይጎርፋል። ጥምቀት ሰሞን ጎንደር ምን እንደምትመስል ያውቁታልና አልተርክልዎትም። ማረፊያችሁን እስከ ጥቅምት 26 አሁኑኑ አስረግጣችሁ ያዙ፤ በእነዚያ ቀናት መሐል ከተማው ለሰልፍ ስለሚዘጋ በእግር ለመሄድ ተዘጋጁ። ከኪቶ የሚነሣው በረራ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ቢሆንም በጉምና በዝናብ ሊዘገይ ይችላል። ከተሰረዘ «በጓያኪል በኩል በመኪና እንሂድ» የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል፤ ከዚያች ከተማ እስከ ኩዌንካ ያለው መንገድ አራት ሰዓት ያህል ሲሆን በካሃስ ተራሮች ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ በዝናብም ናዳ ይዘጋዋል። የጓያኪልም የጸጥታ ሁኔታ ከኩዌንካ የከፋ ስለሆነ፣ እኔ ብሆን ኪቶ አድሬ የማግሥቱን በረራ እጠብቃለሁ።

የአራዳዋ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አድራሻው ላይ ያለችውን «ኢ» ለባልደረባዬ ስነግራቸው በጣም ሳቁ፤ «ስሕተት ነው» ብለው ደብዳቤ ሊጽፉ ተዘጋጅተው ነበር። የሥልጠናው መርሐ ግብር በ8 ሰዓት ይጀመራል ይላል። ይህ በእኛው አቆጣጠር ከምሳ በኋላ መሆኑ ነው ወይስ ጠዋት? ማታስ እስከ ስንት ሰዓት ውጭ መቆየት ይቻላል?

ቀሃ ማዶ፦
ጠዋት ነው፤ በእኛው 2 ሰዓት ማለት ነው። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት «አ ላስ ዶስ» ብለው ለ2 ሰዓት ሲቀጥሩኝ ማለዳ ሄጄ ከጽዳት ሠራተኛዋ በስተቀር ማንም አልነበረም፤ የእነሱ 2 የእኛ ከቀኑ 8 ነው። ኢኳዶር ከእኛ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ ቤተሰብ ሲደውልላችሁ እንዳያምታታችሁ የስልካችሁን ሰዓት በአገሩ አቆጣጠር ብቻ አድርጉት።

ማታን በተመለከተ፣ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማይርቅ ዓመቱን ሙሉ በእኛው 12 ሰዓት ገደማ ይመሻል። በአሮጌው ከተማ ብርሃንና ሰው ባለበት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ብትቆዩ አያሳስብም፤ ወደ ወንዙ የሚወርዱትን ደረጃዎችና የወንዙን ዳር ግን ከጨለመ በኋላ ተዋቸው። ቀን ቀን የወንዙ ዳር ግሩም መሄጃ ነው፤ ባልደረባዎ በታክሲ ወርደው በ1950 እ.ኤ.አ. ጎርፍ የወሰደውን የተሰበረውን ድልድይ ይዩት፣ ሲመለሱም በታክሲ ይውጡ። ከሰዓት በኋላ ስለሚዘንብ ድንጋይ ንጣፉ ያዳልጣል፤ እኛ ኮብልስቶን ለምደናል ብላችሁ በለስላሳ ጫማ እንዳትሄዱ።

ከኪቶ፦
እሑድ ሱቁም ምግብ ቤቱም አብዛኛው ዝግ ነው፣ አውቶቡሱም ይሳሳል። ቅዳሜ ማታ የሚበላ ነገር ግዙ።