«ተለየ» እና «ለየለት»፦ የላም ሽል ሴሎች የትኛው ላይ ናቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ከብት እርባታ አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። የላም ሽል በ7ኛው ቀን ሴሎቹ ሁለት ወገን ይሆናሉ ይላል። «ተለያዩ» ልበል ወይስ «ተለዩ»? «ተለያዩ» ስል የተፋቱ ባልና ሚስት ይመስሉብኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ «ተለዩ» በይው። «ተለያዩ» ውስጥ አብሮ የነበረ ተነጣጥሎ ሄደ የሚል ስሜት አለ። እነዚህ ሴሎች ግን የትም አልሄዱም፤ እዚያው እንደተጣበቁ ነው መልካቸውና ሥራቸው የተለየው። «ሽል» ማለትሽንም ወድጄዋለሁ፤ «ፅንስ» እስከ መውለጃ ድረስ ስለሚዘልቅ ለዚህች ለትንሿ ይሰፋባታል።

በማይክሮስኮፕ ላያት ሰው የ7 ቀኗ ሽል ክብ፣ ብርሃን የምታሳልፍ ነገር ናት፤ የአንድ ሚሊሜትር ሩብ እንኳ አትሞላም። መሃሏ ላይ ፈሳሽ ያቆረ ክፍት ቦታ አለ። በአንድ ጎን ሴሎች ተከማችተው ጉብ ብለው ይታያሉ፣ ዙሪያዋን ደግሞ ጠፍጠፍ ያሉ ሴሎች እንደ ቆዳ ሸፍነዋታል። ጥጃው የሚገኘው ከጉብታው ነው። የውጪዎቹ የእንግዴ ልጅ ወደ መሆን ነው የሚሄዱት።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ቀደም ብሎ ነው። ሽሏ መጀመሪያ የምትኖረው እናትየው እንቁላሉ ውስጥ ባስቀመጠችላት ስንቅ ነው፤ የራሷ ጂኖች በደንብ ሥራ የሚጀምሩት 8 እስከ 16 ሴል ስትሆን ነው። ከዚያ በ5ኛው ወይም በ6ኛው ቀን ገደማ ሴሎቹ እርስ በርስ ጥብቅ ይሉና የአንዱ ድንበር ከሌላው አልለይ ይላል። ያኔ ውጭ የቀረው ሴል አንድ ጎኑ ክፍት ነው፣ መሃል የገባው ግን በሁሉም በኩል ተከቧል። ማን ወዴት እንደሚያዘነብል የሚጠቁመው አንዱ ነገር ይኸው ቦታ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ ልመለስ፣ ምክንያቱም እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጽሑፍ «ተለዩ» ካለ በኋላ ወዲያው «ዕጣቸው ተወሰነ» ብሎ ይጨምራል። ይህ የመጣው ከአይጥ ነው። በአይጥ ሽል ኦክት-4 የሚባለው፣ ሴል ዕጣው ሳይወሰን እንዲቆይ የሚረዳው ጂን ውጪዎቹ ሴሎች ላይ ቶሎ ሥራውን ያቆማል፣ መመለሻም የላቸውም። በላም ግን እነዚያው የውጪ ሴሎች ኦክት-4ን ለተጨማሪ ቀናት እያሠሩት ይቆያሉ። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች የላም ሽል የውጪ ሴሎችን ወደ ሌላ ሽል ሲያስገቧቸው ከውስጠኞቹ ጋር መቀላቀል እንደሚችሉ አሳይተዋል። ማለት ተለይተዋል፣ ግን ገና አልለየላቸውም!

ሌላ አባል፦ «የለየለት» እኮ ለመጥፎ ነገር ነው የምንለው። የለየለት ሌባ፣ የለየለት ውሸታም።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ከስም በፊት ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ለነቀፋ ነው። ግሱ ግን እንደዚያ አይደለም። የፍርድ ቤት ጉዳይ ሲጓተት «ይለይለትና እንረፍ» እንላለን፣ የሚጨነቅ ሰው «ወይ ይለይልኝ» ይላል። በሁሉም ውስጥ ያለው ሐሳብ መዋለሉ አበቃ፣ ቁርጡ ታወቀ ነው። ስለዚህ ለሴል ስንለው ስድብ አይሆንበትም።

ጥያቄ (እንደገና)፦ አመሰግናለሁ። ግን ላሟ ለምን ትዘገያለች?

መልስ፦ አይጥ ጊዜ የላትም። ሽሏ 5ኛው ቀን ሳይሞላ የማኅፀን ግድግዳ ላይ መጣበቅ ስለምትጀምር የውጪዎቹ ሴሎች ለዚያ ሥራ ቶሎ መድረስ አለባቸው። የላም ሽል ግን ከእንቁላሉ ሽፋን ከወጣች በኋላም ማኅፀን ውስጥ ሳትጣበቅ ትቆያለች። መጀመሪያ እንደ ክር ትረዝማለች፣ በ16ኛውና በ17ኛው ቀን ብዙ ሴንቲሜትር ትሆናለች፣ መጣበቅ የምትጀምረው ወደ 20ኛው ቀን ገደማ ነው። የሚያጣድፋት ነገር ያን ያህል የለም።

እኔ ብሆን ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «በ7ኛው ቀን የላም ሽል ሴሎች የውስጥና የውጭ ሆነው ተለይተዋል፤ የውጪዎቹ ግን ገና አልለየላቸውም።»

ጥያቄ (እንደገና)፦ «ተወሰኑ» ብዬ ሦስት ቦታ ጽፌ ነበር። ሁለቱን አሁኑኑ አጠፋኋቸው። ሦስተኛው ስለ አይጥ ስለሆነ ባለበት ይቆይ።