የእንጦጦው ሪፒተር ፓወር ሰፕላይ፦ ለጉባኤ የሚቀርብ ሐሳብ

ጸሐፊ፦ የሪፒተራችን (የሬዲዮ ድምፃችንን ተቀብሎ አርቆ መልሶ የሚልከው ማሽን) አሮጌ ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም መብራቱን ወደ 13.8 ቮልት የሚቀይርለት ዕቃ፣ አብቅቶለታል። እስከ ዓርብ ሐሳባችሁን ጻፉ፣ ሰነዱን እኔ አዘጋጃለሁ።

ቴክኒክ፦ ማሽኑ በ50 ዋት ሲልክ 13.8 ቮልት ላይ 12 አምፔር ያህል ይወስዳል። «15 አምፔር» የሚል ካርቶን አታምጡብኝ፤ ያ ብዙ ጊዜ ለአፍታ ብቻ የሚችለው ነው። ሪፒተር የቤት ሬዲዮ አይደለም፣ ሰው ባወራ ቁጥር ሳያርፍ ይልካል። ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ነው፣ ሙቀት አይወስድም። ያለማቋረጥ 25 አምፔር የሚሰጥ፣ ፋን ያለው ይገዛ።

ሒሳብ ያዥ፦ ባለ ትራንስፎርመር (ከባዱ) ወይስ ስዊቺንግ (ቀላሉ፣ በኤሌክትሮኒክስ የሚቀይረው)?

ቴክኒክ፦ ስዊቺንግ። ማታ መብራቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ባለ ትራንስፎርመሩ 13.8ቱን መያዝ ያቅተዋል። ተቀባዩን እንዳይረብሽ ራቅ አድርገን ፌራይት (ረብሻ የሚያፍን ቀለበት) እናስርበታለን።

ጎረቤት፦ ፋን አልቀበልም። ዘበኛው ከግድግዳው ማዶ ነው የሚተኛው። የአሁኑን ሲጮህበት መንቀሉን ረሳችሁት?

ቴክኒክ፦ ሲሞቅ ብቻ ነው የሚነሳው!

ጎረቤት፦ የሚሞቀውስ ማታ ኔት (የሬዲዮ ላይ ስብሰባችን) ሲኖር አይደል?

የአዳማው፦ ፋን አቧራም ይስባል። ያለ ፋን ይሁን።

ቴክኒክ፦ ያለ ፋን 25 አምፔር የሚችል በዚህ በጀት አምጣና አሳየኝ።

የአዳማው፦ ባለፈውም አንተን ሰምተን ነው እዚህ የደረስነው።

ቴክኒክ፦ እኔ 30 ነበር ያልኩት! ገንዘብ የለም ብላችሁ 15 የገዛችሁት እናንተ።

ሒሳብ ያዥ፦ ደረሰኙ እኔ ዘንድ ነው፤ እውነቱን ነው። በቃ ይቅር።

የአዳማው፦ እሺ፣ ተናድጄ ነው።

ጸሐፊ፦ ዕቃው ያለበትን ሳጥን ከዘበኛው ግድግዳ ብናርቀውስ?

ጎረቤት፦ እንደዚያ ከሆነ ፋኑም ይግባ።

ቴክኒክ፦ የ220ውን መስመር አርዝሙ እንጂ የ13.8ቱን አይሆንም፣ ቀጭን ገመድ ቮልቱን ይበላዋል። ኧርዙም (ወደ መሬት የሚወርደው ገመድ) ከአንቴናው ኧርዝ ጋር ይያያዝ።

ሒሳብ ያዥ፦ መብራት ሲጠፋስ?

ቴክኒክ፦ ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ዲፕ ሳይክል (ደጋግሞ በጥልቀት ሲራገፍ የሚችል) ባትሪ፣ ግማሹን ብቻ ተጠቅመን። ከጊዜው ሩቡን ከላከ አማካዩ 4 አምፔር አይሞላም፤ ከ12 ሰዓት በላይ ይዘልቃል።

ጎረቤት፦ ባትሪ ካለ ሳጥኑ ትልቅ ይሁን፣ አየር ማስወጫም ይኑረው።

የአዳማው፦ ቅዳሜ ወጥቼ እለካለሁ።

ጸሐፊ፦ (ሰኞ) የአዳማው፣ ልኬቱ የታለ? ስልክም አያነሳም። በግምት ጽፌዋለሁ፦ አዲስ የብረት ሳጥን፣ የመስመር ማዛወሪያ፣ የኤሌክትሪሺያን ዋጋ፣ ባትሪ።

ቴክኒክ፦ ፓወር ሰፕላዩስ?

ሒሳብ ያዥ፦ በጀቱ ሳጥኑ ላይ አለቀ። ለሚቀጥለው ዙር ይያዝ።

ቴክኒክ፦ ባትሪውን በምን ልትሞሉት ነው? አንደኛ ተራ ላይ ካልገባ እኔ አልፈርምም።