የታመቀ ፋይል፦ ፈቺው ማን ይሁን?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ከአንድ የጎንደር መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል የመጣ ነው። የቆዩ መዛግብት በስካነር ይነሣሉ፣ ጽሑፋቸውም በአማርኛ እየተተየበ ኮምፒውተር ላይ ይከማቻል። ዲስኩ ሞልቷልና ፋይሎቹን ማመቅ፣ ማለትም ትንሽ ቦታ እንዲይዙ አሳጥሮ መጻፍ፣ ግድ ሆኗል። የታመቀውን ፋይል ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ በስውር እየፈታ ለፕሮግራሞች ይስጥ፣ ወይስ ባይቶቹን እንዳሉ አቅርቦ መፍታቱን ለፕሮግራሙ ይተው? የሕዝብ መዝገብ ስለሆነ የዛሬው ምርጫ ለብዙ ዓመት ይከተለናል። መጋጋል ይቻላል፤ መሰዳደብ ክልክል ነው።

ከአዘዞ፦ ሲስተሙ ይፍታው። ከዩኒክስ ዘመን ጀምሮ ፕሮግራም ከፋይል ጋር ያለው ጉዳይ አራት ነው፦ ይከፍታል፣ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ይዘጋል። ዲስኩ ምን ዓይነት እንደሆነ አይጠይቅም፤ መታመቁንስ ለምን ይጠይቃል? ከማመቂያዎቹ ጂዚፕ እ.ኤ.አ. በ1992 መጣ፣ ዜድስታንዳርድ በ2016፤ ነገ ደግሞ ሌላ ይመጣል። እያንዳንዱ ጽሑፍ ማረሚያ ሁሉንም እየተከታተለ ሊማር ነው? ማይክሮሶፍት ይህን ሥራ ፋይሎችን ዲስክ ላይ በሚያደራጀው የዊንዶውስ ክፍል፣ በኤንቲኤፍኤስ ውስጥ ካስገባው ከ1995 ወዲህ ስንት ዘመን አለፈ። ሊኑክስ ላይም ይህንኑ የሚሠራ ቢቲአርኤፍኤስ አለ፣ ዜድኤፍኤስም አለ።

ለአማርኛ ደግሞ ትርፉ ይበዛል። ፊደል ወደ ባይት በሚለወጥበት በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት አንድ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል። ከሦስቱ የመጀመሪያው ለ«ሀ»ም ለ«ፐ»ም ያው አንድ ባይት ነው፤ ሁለተኛውም ከ6 ዓይነት አያልፍም። ይህን ያህል ድግግሞሽ ያለበትን ጽሑፍ ሳያምቁ ማስቀመጥ ዲስክ ማባከን ነው።

ከማራኪ፦ ወንድሜ፣ አራቱን ስትቆጥር አምስተኛውን ዘለልኸው፤ ነገሩን የሚያበላሸው ደግሞ እሱ ነው። ፕሮግራም «ወደ 900 ሚሊዮንኛው ባይት ውሰደኝ» ማለት ይችላል። ተራ ፋይል ላይ ይህ ጥሪ ምንም ያህል አያስከፍልም። ጂዚፕ የሚሠራበት ዲፍሌት ግን የሚደጋገመውን ሁሉ ካለፈው 32 ኪሎባይት ጋር እያያዘ ስለሚጽፍ መሀሉን ለብቻው መፍታት አይቻልም። ልቃቂት ነው፤ የውስጡን ክር የፈለገ ከጫፉ ጀምሮ ይተረትራል። ሲስተሙ ይህን በስውር ከሠራው፣ ቀላል የሚመስለው ጥሪ ፕሮግራሙን ቁጭ አድርጎ ያስጠብቀዋል፤ ለምን እንደዘገየም የሚነግረው የለም። የጥሪዎቹ ማነስ ብቻውን በይነገጹን ንጹሕ አያደርገውም፤ ቃል የገባውን መፈጸም አለበት።

ከአዘዞ፦ ሙሉው ፋይል አንድ ልቃቂት ይሁን ያለ ማን ነው? ቢቲአርኤፍኤስ የሚያምቀው ቢበዛ በ128 ኪሎባይት ቁራጭ ነው፤ ኤንቲኤፍኤስ በተለመደው አሠራሩ በ64 ኪሎባይት። መሀል ያለውን የፈለገ ያንን ቁራጭ ብቻ ያስፈታል። ቁራጩ ሲያንስ የሚቆጠበው ቦታ ጥቂት ይቀንሳል፤ ይቀንስ።

ከመዝገብ ክፍል፦ ጥያቄው የእኔ ነውና ልግባበት። የፋይሉን ባሕሪያት ስከፍት «መጠን» የሚል አንድ ቁጥር፣ «ዲስክ ላይ የያዘው» የሚል ሌላ ያነሰ ቁጥር አያለሁ። በሪፖርት የምጽፈው የትኛውን ነው? ያነሰውን አምኜ ወደ ፍላሽ ስገለብጠው ተፈትቶ ይወጣና «ቦታ አይበቃም» ይለኛል። ሌላም አለ። አንድ መዝገብ ላይ «ኃይሉ» መሆን የሚገባው ስም «ሀይሉ» ተብሎ ተተይቧል። አንዷን ፊደል ባርማት የታመቀው ፋይል ምን ይሆናል?

ከማራኪ፦ እህቴ፣ ጥሩ ቦታ ያዙት። «ኃ» እና «ሀ» እኩል 3 ባይት ናቸው፤ ባልታመቀ ፋይል አንዱ በሌላው ቦታ ይተካል፣ ያልቃል። የታመቀው ቁራጭ ግን ተፈትቶ፣ ታርሞ፣ እንደገና ሲታመቅ ርዝመቱ ሊለወጥ ይችላል፤ በቀድሞው ቦታ ላይበቃ ነው። ዲስኩ ጥግ ድረስ ከሞላ፣ አንድ ፊደል ብቻ የለወጠ ፕሮግራም «ቦታ የለም» ይባላል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 ስኖው ሌፐርድ የተባለውን የማክ ሲስተም ሲያወጣ መንገዱን ለሁለት ከፍሎታል፦ የታመቀው ፋይል በስውር ይነበባል፣ ሊጻፍበት ሲል ግን ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ወደ ተራ ፋይልነት ይመለሳል። እኔም እስከዚያ እሄዳለሁ። ማንበቡ ይሰወር፤ መጻፉ ፊት ለፊት ይሁን።

በመጠን ጉዳይ ጂዚፕም አይመካበት። የዋናውን ፋይል ርዝመት የሚያስቀምጠው በመጨረሻዎቹ 4 ባይቶች ነው። ፋይሉ ከ4 ጊጋባይት ሲያልፍ ቁጥሩ ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል፤ 5 ጊጋባይቱ 1 ጊጋባይት ሆኖ ይነበባል።

ከፒያሳ፦ እኔ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። እናንተ ስትከራከሩ መብራት ይሄዳል። ዚፕ የይዘት ዝርዝሩን የሚጽፈው መጨረሻው ላይ ነው፤ እየተጻፈ መብራት ቢጠፋ ዝርዝሩ የለም፣ ውስጡ አብዛኛው ደኅና ሆኖ ሳለ ተራው መክፈቻ «ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሳል። ጂዚፕ እስከ ተቆረጠበት ድረስ ይፈታል፣ ማረጋገጫ ቁጥሩ ግን አይገኝም። ደግሞስ ስካኖቹ ጄፔግ የሚባሉት የምስል ፋይሎች አይደሉም? ጄፔግ ቀድሞውኑ የታመቀ ነው፤ ደግሞ ማመቅ ማሽኑን ማልፋት ብቻ ነው። የምትጣሉበት ጽሑፍ ከስካኑ አጠገብ ሲቀመጥ እፍኝ አይሞላም።

ከአዘዞ፦ እፍኝ ባይሞላም በየቀኑ የሚፈለገውና የሚታረመው እሱ ነው። መብራቱን ካነሣህ፣ ቢቲአርኤፍኤስ አዲሱን ቁራጭ ሌላ ቦታ ጽፎ እስኪጨርስ አሮጌውን አይነካም፤ በመሀል ቢጠፋ «ሀይሉ» እንደነበረ ይገኛል። «መጻፉ ፊት ለፊት ይሁን» ማለት ይህን ጥንቃቄ እያንዳንዱ ፕሮግራም ከባዶ ይሥራው ማለት ነው። ለግልባጩም መላ አለ፦ በ2022 የወጣው ሊኑክስ 5.18 የታመቀውን ቁራጭ ሳይፈታ የሚሰጥና የሚቀበል ጥሪ ለቢቲአርኤፍኤስ ጨምሯል።

ከማራኪ፦ ያንን ጥሪ ለመጠቀም የሲስተሙ አስተዳዳሪ መሆን ያስፈልጋል፤ የእህታችን ፍላሽም ቢቲአርኤፍኤስን አያውቅም። ደግሞ ፈቺን ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ውስጥ ስታስገባ የሚመጣውን አስብ። 42 ኪሎባይት ሆኖ ሲፈታ 4.5 ፔታባይት የሚሞላ ታዋቂ ዚፕ አለ።

ከአዘዞ፦ እሱ ከውጭ የመጣ ዚፕ ነው። ከርነሉ የእንግዳ ዚፕ ይፍታ መቼ አልሁ? የራሱን ቁራጭ ይፍታ ነው ያልሁት፤ ቁራጩ ደግሞ ከ128 ኪሎባይት በላይ አይሆንም። ለዲስክ የሚታመቀውንና ለመላክ የሚታመቀውን እየደባለቅህ ነው።

አወያይ፦ ይህ መለየቱ ከመጀመሪያው ቢነገር ግማሹ ክርክር ይቀር ነበር።

ከመዝገብ ክፍል፦ እንግዲያው ስካኖቹ እንዳሉ ይቀመጡ። ጽሑፉ በሚያምቅ ዲስክ ላይ ይሁን፤ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት የሚሄደው በጂዚፕ ታሽጎ ይውጣ። ዲስክ ላይ የያዘውን መጠን ግን ማየት እፈልጋለሁ። አሁን የማየውን ቁጥር አላጣም አይደል?

ከማራኪ፦ በቢቲአርኤፍኤስ ከሆነ ያጡታል። ተራው የመጠን መጠየቂያ ጥሪ ስለ መታመቁ አይናገርም፤ ኮምፕሳይዝ የሚባል ለብቻው የሚጫን መሣሪያ ያስፈልጋል። ዜድኤፍኤስ ላይ በተራው ጥሪ ይታያል። «በስውር» ሲባል እንዲህ ነው።

ከመዝገብ ክፍል፦ ዜድኤፍኤስ ይጫንልኛ።

ከአዘዞ፦ ዜድኤፍኤስ በአጠቃቀም ፈቃዱ (በላይሰንሱ) ምክንያት ከዋናው የሊኑክስ ከርነል ጋር አብሮ አይመጣም። ከርነሉ በተሻሻለ ቁጥር መስማማታቸውን የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። ማን ነው እሱ?

ከፒያሳ፦ እኔ አለሁ። ዋጋውን በግል እንነጋገራለን።